የጡረታዎን ቀን ራስዎ ይቁረጡ፦ ለሜይንፍሬም ባለሙያዎች

ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ኮቦል ሲጽፉ፣ ጄሲኤል ሲያቃኑ፣ ሌሊት በስልክ እየተቀሰቀሱ የወደቀ ጆብ ሲያነሡ ከኖሩ፣ «መቼ ነው የምወጣው?» የሚለው ጥያቄ ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንሥተው ብዙ ጊዜ መልሰው አስቀምጠውታል። ይህን የጻፍኩት በአሜሪካ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ኮንትራክተሮቻቸው ዘንድ ለሚሠሩ፣ ስልሳን ለተጠጉ ወይም ላለፉ ወገኖቼ ነው። የገንዘቡና የሕክምናው ሕግ የአሜሪካ ስለሆነ ሌላ አገር ያለ አንባቢ ያንን ክፍል በሚኖርበት አገር ሕግ ይተካው። ስለ ሥራው የምለው ግን ሜይንፍሬም ባለበት ሁሉ ያው ነው።

በእኛ ሙያ የጡረታን ቀን ባለቤቱ ራሱ እምብዛም አይቆርጠውም። ወይ ማይግሬሽኑ ይቆርጠዋል፣ ወይ የአለቃ ልመና ያራዝመዋል፣ ወይ የቅነሳ ደብዳቤ ይቀድመዋል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ቀኑን ከእነዚህ እጅ አውጥተው ወደ እርስዎ እጅ ለመመለስ ናቸው። ሁሉንም በደንብ ለመጨረስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ቢቀርዎትም ዛሬ መጀመሩ አይከፋም።

ማሽኑ እስኪጠፋ አይጠብቁ

አይቢኤም ሲስተም/360ን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ነበር። ለዚያ ቤተሰብ የተጻፈ ፕሮግራም ብዙ ሳይነካ ዛሬም በዚ/ኦኤስ ላይ ሲሮጥ ይታያል። አዲሱ ዚ17 የወጣው ደግሞ በ2025 ነው። በመካከሉ ባሉት ስድሳ ዓመታት «ሜይንፍሬም አለቀለት» ያልተባለበት ጊዜ የለም፤ እርስዎም ገና ሲቀጠሩ ሳይሰሙት አልቀሩም። በኤፕሪል 2020፣ በኮቪድ ምክንያት የሥራ አጥ ማመልከቻ የክልሉን ሲስተም ሲያጨናንቀው፣ የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ በመግለጫቸው ላይ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርሱላቸው ጠይቀው ነበር። ማሽኑ እንዳለ አለ፤ የሳሳው የሚያውቀው ሰው ነው።

ስለዚህ «ሲስተሙ ወደ ክላውድ ሲዛወር አብሬው እወጣለሁ» የሚለው ዕቅድ ቀን የለውም። የማይግሬሽን ፕሮጀክት ሁለት ሦስት ዓመት ተብሎ ይጀመርና ይራዘማል። የሚራዘመው ሰዎቹ ስለሰነፉ አይደለም። በአሮጌው ኮድ ውስጥ የትም ያልተመዘገበ የሥራ ደንብ ተቀብሯል፤ የዛሬ አርባ ዓመት የገባች አንዲት የኢፍ መስመር ለአንድ ክልል ደንበኞች ብቻ ለምን ወለዱን ለየት አድርጋ እንደምታሰላ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ፕሮጀክቱ በዘገየ ቁጥር እርስዎ ይበልጥ ይፈለጋሉ፤ በተፈለጉ ቁጥርም ቀንዎ ይገፋል። ሥራው የሚያስደስትዎ ከሆነ ይግቡበት፤ ግን የሚወጡበትን ቀን ይዘው ይግቡ።

«እኔ ከሌለሁ ይቆማል» የሚለውንም ሐሳብ ማቃለል አልፈልግም። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ የሚመጣውም ከኃላፊነት ስሜት ነው። ነገር ግን እውነት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ሊያውቀውና ገንዘብ አውጥቶ ሊያስተካክለው የሚገባ አደጋ ነው። ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ፦ «አንድ ቀን እወጣለሁ» ለሚል ሰው ተተኪ መቅጠሪያ በጀት አይፈቀድም፤ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ሲመጣ ይፈቀዳል። ቀን መቁረጥ ባልደረቦችዎን መክዳት ከመሰለዎት፣ ያለ ቀን ቆይተው ድንገት ቢታመሙ እነሱ ምን እንደሚይዙ ያስቡ።

ሥራ ማቆምና ሶሻል ሴኩሪቲ መጀመር አንድ ቀን አይደሉም

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ወይ አለቅጥ ይዘገያል ወይ አለቅጥ ይቸኩላል። በ63 ዓመትዎ ሥራ አቁመው እስከ 67 ወይም እስከ 70 ከ401ኬ እያወጡ መኖርና ሶሻል ሴኩሪቲውን ማቆየት ይችላሉ።

መጀመሪያ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የራስዎን አካውንት ይክፈቱና የየዓመቱን የገቢ መዝገብ አንድ በአንድ ያንብቡ። እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስማችን በአንዱ ወረቀት በአባት፣ በሌላው በአያት ስም ይጨርሳል፤ ፊደሉም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ደብልዩ-2 ላይ ያለው ስምና ቁጥር ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ካልገጠመ የዚያ ዓመት ገቢ በእርስዎ ስም ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። በዚያ ዓመት እንደሠሩ እያወቁ መዝገቡ ዜሮ ካሳየ፣ የድሮውን ደብልዩ-2 ወይም የታክስ ወረቀት ፈልገው ያስተካክሉ። ይህ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሳይሆን አሁን የሚሠራ ሥራ ነው።

ከዚያ ዓመቶቹን ይቁጠሩ። አከፋፈሉ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኙባቸው 35 ዓመታት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ብቻ ከሠሩ የቀሩት አራቱ ዜሮ ሆነው ይገባሉ። ወደ አሜሪካ በሃያዎቹ መጨረሻ ወይም በሠላሳዎቹ መጀመሪያ የመጣ ሰው ይህ ይነካዋል። «እንግዲያው ዜሮዎቹን እስክሞላ ልሥራ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ግን ቁጥሩን ይመልከት። አንድ ዜሮ በ126,000 ዶላር ዓመት ቢተካ፣ 126,000 ለ420 ወር ሲካፈል 300 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ ደህና ደመወዝ ለነበረው ሰው የሚታሰብለት 32 በመቶ ወይም 15 በመቶ ነው። በሙሉ የጡረታ ዕድሜው የሚያገኘው ጭማሪ እንግዲህ በወር 96 ወይም 45 ዶላር ነው። ገንዘቡ የማይናቅ ቢሆንም አንድ ሙሉ ዓመት የሌሊት ስልክ የሚያስከፍል መሆን አለመሆኑን እርስዎ ይመዝኑ። ተጨማሪ ዓመት መሥራት በእርግጥ የሚጠቅመው በ401ኬ ላይ ስለሚያስጨምርና ከቁጠባው ማውጣትን አንድ ዓመት ስለሚያዘገይ ነው።

ከ1960 ጀምሮ ለተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። በ62 ቢጀምሩ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ እስከ 70 ቢታገሡ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመራል። በ67 ዓመትዎ በወር 3,000 ዶላር የሚደርስዎ ከሆነ በ62 ሲጀምሩ 2,100፣ በ70 ሲጀምሩ 3,720 ይሆናል። በ62 የጀመረው ሰው 70 እስኪሞላው 201,600 ዶላር ሰብስቧል፤ የታገሠው ደግሞ ከዚያ ወዲያ በየወሩ 1,620 ይበልጠዋል። የኑሮ ውድነት ማስተካከያውን ትተን ብናሰላ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ሰማንያ ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ነው። ያላገባና ጤናው የደከመ ሰው ቶሎ ቢጀምር አልቃወምም። ባለትዳር ከሆኑና የእርስዎ ገቢ ከባለቤትዎ የሚበልጥ ከነበረ ግን መታገሡን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ለተረፈው የሚቀጥልለት ትልቁ ክፍያ ነውና። ከቤትዎ እርስዎ ቀድመው ቢሄዱ፣ የዛሬው ትዕግሥትዎ ለባለቤትዎ ዕድሜ ልክ ይከፍላል።

ወጪውን ሲጽፉ ወደ አገር ቤት የሚልኩትን አይዝለሉ። ለእናት በየወሩ፣ ለወንድም ልጅ ትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር የሚሄደው ሁሉ በዓመት ስንት እንደሆነ ከባንክ ወረቀትዎ ያውጡት፤ ደመወዝ ሲቆም ይህ ልማድ አይቆምም። አዲስ አበባ ቤት ያከራያሉ? ኪራዩን በዶላር ሲያስቡ ይጠንቀቁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ብር በዶላር ሲመነዘር ዋጋው ወደ ግማሽ ወርዷል። የብር ኪራይ አገር ቤት ለሚያወጡት ይሁን፤ የሜሪላንድን ወይም የቨርጂኒያን የቤት ግብር ይከፍልልኛል ብለው አያስሉት።

ከ401ኬ ስንት ማውጣት ይቻላል ለሚለው፣ ቢል ቤንገን በ1994 ያወጣው የአራት በመቶ ስሌት መነሻ ይሆናል፦ በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላው አራት በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እየጨመሩ፣ ለሠላሳ ዓመት። ስለዚህ 900,000 ዶላር ያለው ሰው በዓመት 36,000 ይጀምራል። የሚያስፈራው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ናቸው። ልክ እንደወጡ ገበያው ቢወድቅና በወረደ ዋጋ ለመሸጥ ቢገደዱ፣ በኋላ ቢያገግምም የሸጡት ተመልሶ አይመጣም። የሁለት ዓመት ወጪ ከአክሲዮን ውጭ ካስቀመጡ ይህን ጊዜ ሳይሸጡ ማለፍ ይችላሉ።

65 ዓመትና የሕክምና ሽፋን

ብዙ ሰው ቀኑን በደመወዝ ይለካል፤ በአሜሪካ ግን ቀኑን የሚይዘው የሕክምና ሽፋን ነው። ሜዲኬር የሚጀምረው በ65 ነው። የመመዝገቢያው ጊዜ ሰባት ወር ሲሆን፣ ከልደት ወርዎ በፊት ሦስት፣ ራሱ ወሩ፣ በኋላም ሦስት ነው። ከ65 በፊት መውጣት ከፈለጉ በኮብራ የመሥሪያ ቤቱን ሽፋን ለ18 ወር ይዘው መቆየት ይችላሉ። ሙሉውን ዋጋ እስከ 102 በመቶ ስለሚያስከፍል ውድ ነው። ነገር ግን 65 ሲቀነስ 18 ወር 63 ዓመት ተኩል ስለሆነ፣ ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ የወጣ ሰው ሽፋን ሳይቋረጥበት ሜዲኬር ይደርሳል። ከዚያ ቀድሞ የሚወጣ የባለቤቱን ሽፋን ወይም የኦባማኬርን ገበያ ዋጋ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከ65 በኋላ እየሠሩ ከቀጠሉና መሥሪያ ቤትዎ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ ፓርት ቢን ያለ ቅጣት ማዘግየት ይችላሉ፤ ሥራ ካቆሙ በኋላም ለመመዝገብ ስምንት ወር አለዎት። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ኮብራ እንደ ሥራ ላይ ሽፋን አይቆጠርም። «ኮብራ አለኝ» ብሎ 18 ወር የቆየ ሰው ስምንቱ ወር አልፎበታል፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር መዘግየትም የፓርት ቢ ክፍያው ዕድሜ ልኩን 10 በመቶ ይጨምርበታል። ኤችኤስኤ ያለዎትም፣ ከ65 በኋላ ሜዲኬር ሊጀምሩ ሲሉ ከስድስት ወር በፊት ማስገባቱን ያቁሙ፤ ፓርት ኤ እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራልና።

ግማሹን ዓመት አገር ቤት ለማሳለፍ የሚያስቡ፣ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግን ሕክምና በመሠረቱ እንደማይከፍል ይወቁ። ለአዲስ አበባው ጊዜ የተለየ ገንዘብ ወይም ኢንሹራንስ ይያዙ። ዜጋ ከሆኑ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያዎ ኢትዮጵያ ሆነውም ይቀጥላል። በግሪን ካርድ ብቻ የሚኖሩ ከሆነ ግን ከስድስት ወር በላይ መቆየት ክፍያውንም የመኖሪያ ፈቃዱንም ችግር ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ ከመውጣትዎ በፊት የዜግነቱን ጉዳይ ይጨርሱ።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልለፍ። በፈርስ ሥር 20 ዓመት አገልግሎት ይዞ 62 የሞላው ሰው የሚሰላለት በ1 በመቶ ሳይሆን በ1.1 በመቶ ስለሆነ፣ ስድሳ አንድ ዓመት ተኩል ላይ ያለ ሰው ስድስት ወር ቢታገሥ ልዩነቱን ዕድሜ ልኩን ይበላዋል። የመንግሥቱን የጤና ኢንሹራንስ ጡረታ ውስጥ ይዞ ለመግባት ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ሳያቋርጥ በሽፋኑ ውስጥ መቆየት ይኖርበታል።

አራት ሳምንት ይጥፉ

ከሁሉም እርምጃ እጅግ የምወደው ይህ ነው። ከታሰበው ቀን አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብለው የአራት ሳምንት ተከታታይ ዕረፍት ይውሰዱ። በባንክ ከሠሩ ሁለት ተከታታይ ሳምንት ከሥራ መራቅ የቁጥጥር ደንብ ሆኖ የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ቢጨምሩበት ማንም አይገርመውም። ላፕቶፑ ቢሮ ይቅር። ስልክዎ ከኦን ኮል ዝርዝር ይውጣ። ቤት ውስጥ ደግሞ በጡረታ ገቢዎ ልክ ብቻ ይኑሩ።

ለዚህ ዕረፍት አንድ ያልተለመደ ነገር ከአለቃዎ ጋር ይስማሙ፤ የሴኩሪቲ ሰዎቹ የእርስዎን ዩዘር አይዲ ለዚያ ጊዜ በራክኤፍ ያግዱት። በብዙ ቦታ የቆየ ሰው ሲሄድ የሚደርሰው እንዲህ ነው። ሰውየው ዓርብ ይሸኛል፤ ኬክ ይቆረሳል። ሰኞ አይዲው ይዘጋል። በወሩ መጨረሻ ላይ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ የሚሮጥ አንድ ጆብ አይሲኤች408አይ የሚል መልእክት አውጥቶ ይወድቃል። ሲጣራ ጆቡ ከብዙ ዓመት በፊት በእሱ አይዲ ሥር «ለጊዜው» ተብሎ ስኬጁለሩ ላይ የገባ ነው። ከዚያም ብሶ፣ የፕሮዳክሽን ፕሮሲጀር አንድ የኮንትሮል ካርድ የሚያነበው በሰውየው አይዲ ከሚጀምር የግል ዳታሴት ሆኖ ይገኛል፤ የስቶሬጅ ሰዎች ደግሞ የለቀቀ ሰው ዳታሴት ነው ብለው ሰርዘውታል።

ይህ በእርስዎ ስም እንዳይደርስ ከዕረፍቱ በፊት ስኬጁለሩን በአይዲዎ ያስፈልጉት። ከኤስኤምኤፍ መዝገብ ዓይነት 30ን የዓመቱን አውጥተው በእርስዎ አይዲ የሮጡትን ጆቦች፣ ዓይነት 14ንና 15ን ደግሞ በአይዲዎ የሚጀምሩትን ዳታሴቶች ማን እንደሚከፍታቸው ይዩ። ዓመቱን ሙሉ ማየቱ ግዴታ ነው፤ የሩብ ዓመትና የዓመት መዝጊያ ጆቦች በአንድ ወር መዝገብ ላይ አይታዩም። የተገኘው ሁሉ ወደ አገልግሎት አይዲና ወደ ፕሮዳክሽን ስም ይዛወር። ከዚያ በኋላ እገዳው ምን እንደቀረ ይነግርዎታል፤ እርስዎም ገና ሠራተኛ ስለሆኑ ተመልሰው ያስተካክሉታል።

ዕረፍቱ ስለ ራስዎም ይነግርዎታል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው ይተኛል፤ ከእሱ ምንም አይማሩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ፣ ከማን ጋር እንደሚውሉ፣ ከባለቤትዎ ጋር ቀኑን ሙሉ በአንድ ቤት መዋል እንዴት እንደሆነ ይዩ። ባለቤትዎንም ይጠይቁ፤ ከእርስዎ የተለየ መልስ ሊኖራት ወይም ሊኖረው ይችላል። ስልኩ አለመጮሁ ሰላም ሰጥቶዎት ደህና እንቅልፍ ከተኙ፣ ያ ከማንኛውም የኤክሴል ሰንጠረዥ የሚያንስ ማስረጃ አይደለም። ሥራው ከናፈቀዎት ደግሞ ምኑ እንደናፈቀዎት ይለዩት፤ ሰዎቹ ከሆኑ፣ ችግር መፍታቱ ከሆነ፣ ወይም መፈለጉ ከሆነ። ለእያንዳንዱ መፍትሔው የተለያየ ነው።

ተተኪው አንድ የዓመት መዝጊያ ይለፍ

ዕውቀት ማስረከብ ሲባል መሥሪያ ቤቶች የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ያስባሉ። ያ አይበቃም። የሜይንፍሬም ሥራ በዓመት ዙር የሚሄድ ስለሆነ ተተኪው ሙሉ ዙሩን ከእርስዎ ጋር ማየት አለበት። የሚሻለው አደራረግ እንዲህ ነው። በአንዱ የዓመት መዝጊያ እርስዎ ይሠራሉ፣ እሱ ያያል። በሚቀጥለው እሱ ይሠራል፣ እርስዎ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳይጠየቁ አይናገሩም። የጃንዋሪው የደብልዩ-2ና የ1099 ሩጫ ካለቀ፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመትም ከተዘጋ በኋላ፣ በኤፕሪል ወይም በሜይ ይውጡ። ዲሴምበር ላይ መውጣት ለማንም አይበጅም፤ ለውጥ ማስገባት ታግዶ፣ ሰዉ ዕረፍት ላይ ሆኖ፣ ትልቁ ባች ሊሮጥ ሲል ነው። የዲዛስተር ሪከቨሪ ልምምዱም አንድ ጊዜ ያለ እርስዎ ይደረግ።

የሚጽፉትን ሰነድ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ተቀስቅሶ ለሚያነብ ወጣት ይጻፉት። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የክፍያ ጆቡ ኤስ0ሲ7 ብሎ ወደቀ እንበል። ማንኛውም መጽሐፍ ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ቁጥር ያልሆነ ነገር ገብቷል ይለዋል። እርስዎ ግን ዳምፑን ሳይከፍቱ፣ በወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ከሆነ፣ ከውጭ የሚመጣው ፋይል የመጨረሻ ሬኮርድ ላይ የድምሩ ቦታ ባዶ ሆኖ እንደመጣ፣ ዳምፑም ውስጥ 404040 ተደርድሮ እንደሚገኝ ያውቃሉ። የትኛውን ሬኮርድ ማየት እንዳለበት፣ ለላኪው ድርጅት ማን ጋ እንደሚደወል፣ ጆቡ ከየትኛው ስቴፕ እንደሚነሣ፣ ከዚያ በፊት ካለው ስቴፕ ቢነሣ ክፍያው ሁለት ጊዜ እንደሚወጣ ይጻፉ። የመጨረሻዋ ሐረግ ከሁሉ ትበልጣለች። በእያንዳንዱ ሲስተም ላይ «ይህን ካደረግህ የሰው ገንዘብ ይበላሻል» የሚባሉ ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ ሌላውን ለመጻፍ ጊዜ ቢያጥርዎት እነዚህን አይተዉ።

በሰነድ የማይያዝም አለ። ልጅቷን ወይም ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው አንድ የወደቀ ጆብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ አውጥተው እያሰቡ ይፍቱ። ወጣቶቹ አረንጓዴውን ስክሪን ትተው በቪኤስ ኮድና በዞዊ መሥራት ከፈለጉ አይከልክሏቸው። እኛ በአይኤስፒኤፍ ስለተማርን እነሱም በዚያው መከራ ይለፉ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። የሚወርሱት የንግዱን ደንብና ጥንቃቄውን ነው፤ በየትኛው መስኮት እንደሚያዩት የራሳቸው ጉዳይ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ለምን እንዲህ አደረጋችኋት?» ሲሉዎት የድሮውን ምክንያት በእውነት ይንገሯቸው፤ ምክንያቱ ዛሬ ከሌለም ይቀይሯት።

ደብዳቤው፣ ፓኬጁና የተመላላሽ ሥራ

ለአለቃዎ መቼ ይንገሩ? ዕውቀት ማስረከቡን ለመጀመር ቀኑን መናገር ግድ አይደለም፤ «የምታመምበት ቀን ቢመጣስ» የሚለው ምክንያት ይበቃል። የተጻፈውን ቀን ግን ቦነሱ የሚከፈልበትን ቀን፣ የኩባንያው የ401ኬ ድርሻ የሚጸናበትን ቀንና ካለ የድሮውን የፔንሽን ደንብ ከኤችአር በጽሑፍ ሳያገኙ አያስገቡ። በጥቂት ሳምንት ልዩነት የአንድ ዓመት ቦነስ የሚቀርበት ሰው አለ። ያልተጠቀሙበት ዕረፍት በገንዘብ የሚከፈል ከሆነ በጃንዋሪ ወይም ከዚያ ወዲህ መውጣት ገንዘቡን ዝቅተኛ ገቢ ባለበት የታክስ ዓመት ላይ ያሳርፍልዎታል። ሜዲኬርም የፓርት ቢ ክፍያን የሚተምነው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ ገቢ ነው፤ በሙሉ ደመወዝዎ ተምኖ ከፍ ያለ ክፍያ ከላከብዎ፣ ጡረታ መውጣትዎን ጠቅሰው በኤስኤስኤ-44 ቅጽ እንዲያስተካክል ይጠይቁ።

ቀንዎ ሳይደርስ የመሰናበቻ ፓኬጅ ቢቀርብልዎ በዚያው ቀን አይፈርሙ። ዕድሜው 40ና ከዚያ በላይ የሆነን ሠራተኛ የዕድሜ አድልዎ ክስ መብቱን እንዲለቅ የሚያስፈርም ወረቀት ቢያንስ 21 ቀን ማሰቢያ፣ በቡድን የሚቀርብ ከሆነ 45 ቀን፣ ከፈረሙም በኋላ ሐሳብ መቀየሪያ 7 ቀን እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል። በዚያ ጊዜ ጠበቃ ያሳዩት፤ ሊወጣ ስድስት ወር ለቀረው ሰው ደህና ፓኬጅ ትልቅ በረከት ሊሆን ይችላል።

ከወጡ በኋላ «ለጥቂት ሰዓት ብቻ» ተብሎ መጠራቱ አይቀርም። እሺ ሊሉ ይችላሉ፤ ግን በሥራ ላይ የነበሩበትን ኑሮ በሌላ ስም እንዳይመልሱት፣ ውሉ የሚያልቅበት ቀን፣ የሳምንቱ ሰዓት ጣሪያና ኦን ኮል እንደሌለበት በጽሑፍ ይኑር። በራስዎ ስም ከሠሩ 15.3 በመቶውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ራስዎ ስለሚሸፍኑት የሰዓቱን ዋጋ ከድሮው ደመወዝዎ ተነሥተው አይተምኑት። ከ67 በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ እየወሰዱ ከሆነም፣ በዓመት ከተወሰነው ጣሪያ (በ2025 ጣሪያው 23,400 ዶላር ነበር) በላይ ካገኙት ላይ በየሁለት ዶላሩ አንድ ዶላር ይያዛል። የተያዘው ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሲሞላ ስሌቱ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፤ ቢሆንም አስቀድመው ካላወቁት ወሩ ሲያልቅ ያስደነግጣል።

ገንዘቡ ሳይሆን ማስተማሩ ለሚናፍቀዎ ሌላም ቦታ አለ። የኦፕን ሜይንፍሬም ፕሮጀክት የኮቦል ትምህርትና የአይቢኤም ዚ ኤክስፕሎር በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ ናቸው። ከሰፈርዎ ወይም ከማኅበርዎ ልጆች መካከል ሥራ ፈላጊ የሆነ አንዱን በእነዚህ ማስጀመርና በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማገዝ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ለልጁ እንጀራ ይከፍትለታል፤ የባንኩም ሌሊት ቢሆን የሚጠብቀው ሰው ያገኛል።

በወጡበት ዓመት ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው ጊዜ የሜዲኬር ዓመታዊ ምርጫ ይከፈታል። የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር ይዘው ፓርት ዲውን ወይም የመረጡትን ፕላን እንደገና ያስተያዩ፤ ፕላኖቹ በየዓመቱ ዋጋና ዝርዝር ስለሚቀይሩ አንዴ የመረጡትን ትተው አይቀመጡ። ለዚህ በየክፍለ ግዛቱ ሺፕ የሚባል ነጻ የምክር አገልግሎት አለ። እንግሊዝኛው ለባለቤትዎ የሚከብዳት ወይም የሚከብደው ከሆነ አስተርጓሚ እንዲገኝ ሲደውሉ ይጠይቁ።